ምጽዋ በቸሃ ሽማግሌዎች ፊት

ዝውውር እንደ ጉንፋን ነው። የሚይዘው አንዱን ነው፤ የሚያስነጥሰው ግን ቤተሰቡን በሙሉ ነው። እኔን የያዘኝ ወልቂጤ ኬላ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ዓይኔን እንቅልፍና ሥራ እየተሻሙት ሳለ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። የኬላ ሠራተኛ ነበርኩ። ከጅማ በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና ሁሉ እኔ ፊት ይቆማል። ጭነቱን አያለሁ፣ አንድ ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ መዝጊያውን እንጨት አስነሥቼ አሳልፋለሁ። ሥራው እንዲህ ቀላል ስለነበረ አንዳንዴ ለክብሬ ስል ሦስተኛ ጥያቄ እጨምር ነበር። የዚያን ቀን አለቃዬ ከቢሮው ወጣና እጄን ጨበጠኝ። አለቃ ያለ በዓል እጅ ከጨበጠ ነገር አለ ማለት ነው።

«እንኳን ደስ ያለህ! ምጽዋ ወደብ ተዛውረሃል፤ ከነዕድገቱ» አለኝ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ያሳደገኝ ብርድ ነው። ላብ የሚባለውን ነገር የማውቀው ሲያመኝ ብቻ ነው። ባሕርንም በስም እንጂ በዓይን አላውቀውም፤ ያየሁት ትልቁ ውሃ ክረምት ላይ የሞላ ወንዝ ነው፤ እሱንም ከሩቅ ሆኜ ነው ያየሁት። የሆነ ሆኖ ዕድገት ዕድገት ነውና ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ፤ ለባለቤቴም ነገርኳት።

ባለቤቴ ዘነበች የቸሃ ልጅ ናት። የአባቷ አገር ከወልቂጤ ብዙ አይርቅም፤ ቁርሷን እኛ ቤት በልታ ብትነሣ ለምሳ እዚያ ትደርሳለች። ትጮኻለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም።

«የት ሰፈር?» አለችኝ።

«ምጽዋ።»

«ምጽዋማ ሰማሁ። ሰፈሩ የት ነው? ጎረቤቱስ ማን ነው? ስታመም ማን በር ይከፍታል? ሰፈሩን ሳላውቅ ልጆቼን ይዤ አልነሣም። አንተ ሂድ፤ ለኛ ደመወዝህን ትልክልናለህ።»

ይህን ስትል ድምጿን እንኳ አላነሣችም። ድስቷን እያማሰለች ነው የተናገረችው። ኬላ ላይ ሚስቱን ደሴ ትቶ ብቻውን የሚኖር ባልደረባ ነበረኝ። ሸሚዙ ቁልፍ የለው፣ ምሳው ሰዓት የለው፤ ከሰው ጋር ሲስቅ እንኳ መሐል ላይ ሳቁን ረስቶት ዝም ይላል። እንደሱ መሆንን ከምጽዋ ሙቀት አብልጬ ፈራሁት። ዘነበች የሌለችበት ቤት ለኔ ቤት አይደለም። ይህን ግን ለሷ መናገር አፈርኩና «እሺ፣ ሰፈር እመርጣለሁ» አልኩ።

ሰፈር እመርጣለሁ! ወልቂጤ ተቀምጦ የምጽዋን ሰፈር መምረጥ! ግን ወንድ ልጅ አንዴ ከተናገረ ምን ያደርጋል?

በማግሥቱ ሥራ ስገባ ብልሃት መጣልኝ። ሹፌሮች አሉ አይደለም እንዴ! እነሱ ያልረገጡት ወደብ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስተኛው ጥያቄዬ «ምጽዋ ታውቃለህ? የት ሰፈር ይሻላል?» ሆነ። ሹፌርም ካስቆሙትና ከጠየቁት ወሬ አይሰስትም። አንዱ ከመኪናው ወርዶ በእንጨት መሬት ላይ እየጫረ አሳየኝ። ሌላው መጣና የመጀመሪያውን ሥዕል በእግሩ አጥፍቶ አዲስ ጫረ። ቀስ እያለ አንድ ነገር ገባኝ። ለኛ ቢጤ ቤተሰብ የሚታሰቡት ሦስት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው የድሮው ከተማ ያለበት ደሴት ነው። ሁለተኛው ጥዋለት የሚሉት ሌላ ደሴት ነው፤ ከየብሱ ጋር በመንገድ ተያይዟል። ሦስተኛው ሕርጊጎ ነው፤ እሱ ከወደቡ ወጣ ብሎ የብሱ ላይ ያለ መንደር ነው። ከዚህ በተረፈ የተስማሙበት ነገር የለም። አንዱ «ነፋስ ያለበት ግባ» ይላል። ሌላው «የሚያቃጥለውኮ ነፋሱ ነው!» ይላል። እኔ ይህን ሳጣራ መኪናው ከኬላው እስከ ገበያው ተሰልፏል፤ ጡሩምባው አገሩን ያናውጠዋል። አለቃዬ ሮጦ ወጣ።

«ምንድን ነው? ኮንትሮባንድ ተገኘ?»

«የለም ጌታዬ፣ ሰፈር እየፈለግሁ ነው።»

የከተማውም ሰው አልሰነፈም። አከራያችን እማማ ተዋበች ባሕሩ ጨው መሆኑን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። «ታድላችሁ! ጨው መግዛት ቀረላችኋ! ከባሕሩ ጨልፎ ወጡን መሥራት ነው» አሉ። በሙቀቱ ግን ሁሉም ሰው አንድ ቃል ነው። አንዱ ዕንቁላል ድንጋይ ላይ ይበስላል አለኝ። ሌላው ዶሮዋ የምትጥለው የተቀቀለ ነው አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የተማርኩ ሰው መሆኔ የጎዳኝ። ሰው ሙቀቱን አስቀድሞ ከለመደ የትኛውም ሰፈር ይስማማዋል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ልምምድ ያስፈልጋል። አንድ እሑድ ዘነበች ገበያ እንደወጣች መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ሁለት ምድጃ ሙሉ ከሰል አቀጣጥዬ መሐል ቤት አስቀመጥኩ። ሁለቱን ልጆቼን በውስጥ ልብስ ብቻ አስቀምጬ እኔም ሸሚዜን አወለቅሁ።

«አባዬ፣ ምጽዋ ደረስን?» ትለኛለች ትልቋ ልጄ።

«ገና ነን። አሁን ደሴን አለፍን።»

ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ኩራት ተሰማኝ። መቀሌን አለፍን። አሥመራ ልንገባ ስንል ግድግዳው ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ዘነበች ምን እንደመለሳት እግዜር ይወቅ፤ በሩን ከፍታ ልጆቹን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ጎትታ አወጣችን። እማማ ተዋበች የሚወጣውን ጭስ አይተው «እሳት! ያገር ያለህ!» ብለው ጮኹ። ሰፈሩ ባልዲ ባልዲውን ይዞ ደረሰ። የሚቃጠል ቤት ቢያጣ ጊዜ ውሃውን እኔ ላይ ደፋው። ልጆቹ አንድም ነገር አልሆኑም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው እሑድ እንድንደግመው ለምነውኛል። ዘነበች ግን ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ወሬ ከሰው ይፈጥናል። እኔ ልብሴ ሳይደርቅ ቸሃ ደርሶ፣ እዚያም ወፍሮና ቀንድ አብቅሎ ኖሯል። አማቴ አቶ ዘርጋ ዘንድ ሲደርስ «ያ የኬላ ሰው ልጅህን በከሰል ሊጠብሳት ነበር» ተብሎ ነው። ወዲያው መልእክት መጣብኝ፤ እሑድ ሽማግሌ ፊት ትቀርባለህ።

አቶ ዘርጋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። በአገሩ የወሰን ክርክር ያለ እሳቸው አይፈረድም። አማርኛ ሲናገሩ ቃሉን አንድ በአንድ እየመዘኑ ነው የሚያወጡት። ቤታቸው እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ፊቱን ወደ ጀፎረው አዙሮ የቆመ ነው። ጀፎረ ማለት በሁለቱ ወገን ቤቶች መሐል የሚዘረጋው ሰፊና ለምለም መስክ ነው። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ክሱም እርቁም እሱ ላይ ነው፤ ማንም አጥሩን አንድ ክንድ ገፍቶ አይገባበትም።

ሽማግሌዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ስለ ከሰሉ ለመናዘዝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አቶ ዘርጋ ግን ስለ ከሰል አንድም ቃል አላነሡም።

«ልጄን ወዴት ነው የምትወስድ?» አሉኝ።

«ምጽዋ ነው፣ አባባ።»

«ምጽዋ ትልቅ ነው። ምጽዋ ወዴት?»

ልጅቷ ማንን እንደመሰለች ያን ጊዜ ገባኝ። ሦስቱን ሰፈሮች ዘርዝሬ ነገርኳቸው።

«ማን አይቶ ነገረህ?»

«ሹፌሮች።»

ሽማግሌዎቹ ተሳሳቁ። «ሹፌር የሚያውቅ መንገድ ነው» አሉ አቶ ዘርጋ። «የሚተኛ መኪና ውስጥ ነው። ጎረቤት የለው፣ ዕቁብ የለው፣ ዕድር የለው። ሹፌር ስለ ሰፈር አይመሰክርም። እዚያ አገር ያደረ፣ ከሰው ጋር የበላ፣ በዓይኑ ያየ ሰው አምጣ።»

ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። አንዱ ደግሞ ነገሩን አጠነከሩት፤ ሰፈሮቹ ራሳቸው እዚህ ቀርበው መናገር ስለማይችሉ ጠበቃ ይቁምላቸው አሉ። ያለ ጠበቃ መክሰስ ግፍ ነውና። ለደሴቱ አንድ ሽማግሌ፣ ለሕርጊጎ አንድ ሽማግሌ፣ ለጥዋለት ደግሞ የዘነበች አጎት አቶ ሳህሌ ተሰየሙ። ሦስቱም ምጽዋን አያውቋትም። ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም። እኔ ግን አልሳቅኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ እኛ መንዝ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሙግት ስናይ የተጋበዝን ይመስለናል።

በዓይኑ ያየ ሰው ከየት ይምጣ? ሲጠያየቁ አንዱ «ቡታጅራ ሐጂ ሸምሱ አሉ። ሐጅ ያደረጉ በምጽዋ ወጥተው ነው» አለ።

ወልቂጤና ቡታጅራ መሐላቸው ያለው ተራራ ብቻ ነው። ወፍ ከአንዱ ተነሥታ ሌላው ጋ ምሳዋን ትበላለች። መኪና ግን ወፍ አይደለምና አዲስ አበባ ድረስ ወጥቶ እንደገና በሌላው በኩል ይወርዳል። አማቴን ለማሳመን ዋና ከተማውን ዞርኩ። ቡኢ ስንደርስ አውቶቡሱ ጭቃ ዋጠው። ወርደን ገፋን። ተንቀሳቀሰ፤ የግራ ጫማዬ ግን ለቡኢ ቀረ። ቡታጅራ የገባሁት ከአንድ መንገደኛ በተዋስኩት ሸበጥና በአንድ ጫማ ነው።

ሐጂ ሸምሱ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብዬ ገባሁ። «ወዓለይኩሙ ሰላም» ብለው ቀና ሲሉ ፊቴን ሳይሆን እግሬን አዩ።

«በቡኢ መጣህ?»

«አዎ።»

«ተቀመጥ።»

ተቀምጬ ምጽዋ ስል ፊታቸው ፈካ። «መርከብ ስንጠብቅ ብዙ ከረምን እኮ! መርከቡ ዛሬ ነገ ሲል እኔ የምጽዋን ሰፈር ሁሉ በእግሬ ጨረስኩ። የትኛው ቤት ምን እንደሚበላ አውቃለሁ።» ቸሃ መጥተው እንዲመሰክሩ ስለምናቸው ግን ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሰፈር ተከሶ? ላ ኢላሃ ኢለላህ! ስንቱን አየሁ፤ ይህን ግን አላየሁም!»

«ሐጂ፣ ካልመጡልኝ ባለቤቴና ልጆቼ እዚሁ ይቀራሉ።»

ሳቃቸው ቆመ። «አንተስ?»

«ብቻዬን እሄዳለሁ።»

በእጃቸው የያዙትን ጨርቅ አጣጥፈው አስቀመጡ። «ምጽዋ ብቻውን የሚኖር ሰው አይቻለሁ» አሉ። «ባሕሩን ሲያይ ይውላል። ማታም ያየዋል። አይሆንም፣ አይሆንም።» ተነሥተው ሱቃቸውን ዘጉ። ከመዝጋታቸው በፊት ግን የሚሆነኝ ጫማ ከጎረቤት ሱቅ አስመጡልኝ።

በቀጠሮው ቀን ጀፎረው ሞላ። ከሩቅ መንደር ሁሉ ሰው መጥቷል፤ ባሕር የሚከሰስበት ቀን በየዓመቱ አይገኝማ። ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀመጡ፤ ዘነበችም ልጆቹን ይዛ መሐላቸው አለች። ሐጂ በክብር መሐል ተቀመጡ።

መጀመሪያ የደሴቱ ተራ ሆነ።

«ቤቱ እንዴት ነው?» አሉ አቶ ዘርጋ።

«ያማረ ነው። ፎቅ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ።»

«ጀፎረውስ?»

ሐጂ በሐቅ የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ጀፎረ የለውም። መንገዱ ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ለቅሶ ሲሆንስ ሰው የት ይቆማል?» ብለው ጠየቁ አቶ ዘርጋ። የደሴቱ ጠበቃ ብድግ አሉ፤ «ተራ በተራ ይቆማል!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ደሴቱ ወደቀ። ጠበቃው ግን ከልባቸው አዘኑ፤ ለካ በዚያች ሳምንት ደሴቱን ወደውት ኖሯል።

ሕርጊጎ ጥሩ ተሟገተ። ሜዳ አለው፣ ሰዉ እንግዳ ይወዳል፣ የጉድጓድ ውሃ አለው። አቶ ዘርጋ ጥቂት አሰቡና «ላምስ አለ?» አሉ።

«ግመል አለ። ፍየል አለ።»

«ቅቤስ?»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። «አላህ አያሳያችሁ። ቅቤ እዚያ አይረጋም። በጠርሙስ ነው የሚቀመጥ።»

ጀፎረው ለቅሶ ቤት መሰለ። ክትፎ ያሳደገው ሕዝብ ነው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንድ ሽማግሌ በመጨረሻ «ይህስ ለሦስቱም ይያዝ» አሉና ለሦስቱም ተያዘ። ሕርጊጎ ግን ሌላ ነቀፋም ተገኘበት። ከወደቡ ይርቃል፤ ባልየው ማልዶ ወጥቶ አምሽቶ ከገባ ቤቱን ማን ያያል ተባለ። እሱም ወደቀ።

ጥዋለት ቀረ። ሐጂ አንድ በአንድ ተናገሩ። መንገዱ ሰፊ ነው። ቤቱ ግቢ አለው፣ ነፋስ ያገኘዋል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይተያያል፣ ወደቡም ቅርብ ነው፣ የንጉሥ ቤትም አለበት። አቶ ዘርጋ ነቀፋ ፈልገው ፈልገው አጡ። አቶ ሳህሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ሐጂ፣ እዚያ የንጉሥ ቤት አለ ብለሃል?»

«አለ። ባሕሩ ዳር፣ ነጭ።»

«ሰማችሁ? ንጉሥ ቤት የሠራበት ሰፈር ለዘነበች ያንሳታል?»

ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። ዘነበችን አየኋት፤ በከንፈሯ ጥግ ፈገግ አለችልኝ። ከከሰሉ ወዲህ የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር። አልቋል። ረትተናል። ከኔ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር።

እስቲ ፍረዱኝ አንባቢዎቼ። የመንዝ ሰው፣ «በላ ልበልሃ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ሙግት ሲያይ ውሎ አንዲት ቃል ሳይናገር ሊነሣ ነው። ምላሴ አሳከከኝ። የአቶ ሳህሌ ነገር ደግሞ ቀዳዳ ነበረው። ትልቅ ቀዳዳ። ማንም አላየውም፤ እኔ ግን አየሁት። ሳላስበው ብድግ አልኩ፤ ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ ወረወርኩ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ! ሐጂ፣ ንጉሡ እዚያ ቤት የሚመጡት መቼ ነው?»

«በበጋ ነው ሲሉ ሰማሁ። በገና በጥምቀት ሰሞን።»

«ክረምት ሲሆንስ?»

«ክረምትማ ማን ይደርሳል! እሳት ነው።»

«ሽማግሌዎች ስሙኝ! ንጉሥ፣ ሠራዊት እያላቸው፣ መርከብ እያላቸው፣ የሚሸሹትን ሙቀት፣ ሌላ ቤት የሌላት ዘነበች ወዴት ሄዳ ትሸሸዋለች?»

ጀፎረው ተናወጠ። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ይበል! ይበል!» ተባለ። አቶ ሳህሌ «ተረታሁ» ብለው ተቀመጡ። ሐጂ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ነጠላዬን እያስተካከልኩ ተቀመጥኩና ዘነበች ስትኮራብኝ ለማየት ዞር አልኩ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላዋለች። ያን ጊዜ ነው የረታሁት ማንን እንደሆነ የገባኝ።

«ሦስቱም ወደቁ» አሉ አቶ ዘርጋ። «ልጄ የትም አትሄድ። አንተ ሂድ። መስቀል ሲሆን ትመጣለህ።»

ይህን ሲሉ ክፋት አልነበረባቸውም። በዚያ አገር አዲስ አበባም ሌላም ሠርቶ ለመስቀል የሚገባ ባል ብዙ ነው። እኔ ግን መልስ ልሰጥ ብድግ አልኩ። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። ልጆቼን አየሁ፣ ዘነበችን አየሁ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትምም።

ሐጂ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ዘርጋ፣ እኔ ምስክር ነኝ፤ መጠየቅ አይገባኝም። ግን አንድ ነገር ልበል። ሦስቱን ጣልክ፤ እሺ። አንተ ለልጅህ የምትመርጥላት ሰፈር የት ነው?»

ሽማግሌው ወደ መስኩ ዞሩ። ዱላቸውን አንሥተው የጀፎረውን ጫፍ፣ ትልቁን ዝግባ አመለከቱ።

«ከዚህ እስከዚያ ዛፍ ድረስ ነው» አሉ። «ወልቂጤ ስትሄድም ሩቅ ነው ብዬ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ስለ ለቅሶ መቆሚያውም ስለ ቅቤውም የጠየቁት ሁሉ ያን ጊዜ ገባን። አቶ ዘርጋ ቤታቸው ባዶ ነው፤ ከዘነበች ሌላ ልጅ የላቸውም።

በዚያ አገር ሴት ሽማግሌ መሐል ገብታ አትናገርም። ዘነበችም አልገባችም። ፊቷን ወደ አጠገቧ ሴትዮ አዞረችና፣ ለሷ የምታወራ መስላ፣ ከጀፎረው ማዶ ያሉት ላሞች እስኪሰሙ ድረስ ድምጿን አወጣች።

«እኔ የምለው፣ የወሰን ክርክር ሲመጣ ዳኛ ቦታው ድረስ ሄዶ በእግሩ ረግጦ ነው እንጂ በወሬ ይፈርዳል እንዴ? አባቴ በወሬ ሲፈርድ አይቼ አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እውነት ነው። በቸሃ ምድር አጥር ሳይረግጥ ወሰን የፈረደ ዳኛ ተሰምቶ አይታወቅም። ከሁሉ የሚበልጡት አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልጅቷ ልክ ናት። የሦስቱም ፍርድ ይነሣ። ዘርጋ ሄዶ ይይ፤ አይቶ ይፍረድ» አሉ።

«እኔ? ባሕር?» አሉ አቶ ዘርጋ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ወደ ቤታቸው አዩ፣ ስለ ከብቶቻቸው አንድ ሁለት ነገር አጉተመተሙ። ለኔ ግን በጣም በፍጥነት የተስማሙ መሰለኝ። አማት ልጁ ቤት ሄዶ ሲቀመጥ ነውር ነው፤ ዳኛ ግን ሥራ ላይ ነውና የሚነካው የለም።

እንዲህ ሆኖ ምጽዋ የገባነው አምስት ሆነን ነው። መሥሪያ ቤቱ ጥዋለት ላይ አንድ ቤት ሰጠን፤ ጉዳዩ ገና ስላላለቀ «ለጊዜው» ብለን ገባንበት። አቶ ዘርጋ ባሕሩን መጀመሪያ ሲያዩ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ቆሙ። «ባለቤቱ ማን ነው?» አሉኝ። የማንም አይደለም ስላቸው አላመኑኝም፤ አጣራለሁ አሉ።

እውነትም ያጣሩ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ጥዋለትን ይዞራሉ፣ ሲደክማቸው ጎረቤት ቤት ይቀመጣሉ። ደሴቱ ላይ የሚያውቃቸው ባለሱቅ በዛ። ሕርጊጎም ሄደው ከሽማግሌዎቹ ጋር የግመል ወተት ጠጡ። ቋንቋ አላስቸገራቸውም፤ ወሰን በእጅ ይነገራል። መስቀል ሲደርስ አገራቸው ገብተው ለሽማግሌዎቹ «ማስረጃው አልተሟላም» ይሉና ቆጮ አስጭነው ይመለሳሉ። በክረምቱ እሳት እኔ በእርጥብ አንሶላ ተጠቅልዬ ሳቃስት እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጆቻቸውን የቸሃ ቋንቋ ያስቆጥራሉ። ሙቀቱን ሲጠየቁ «መዝግቤዋለሁ» ነው መልሳቸው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ነፋሱ ትንሽ ሲነፍስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያቺ የማትታገሠው ምላሴ እንደገና አሳከከችኝ።

«አባባ» አልኩ፣ «ደሴቱን አዩ፣ ሕርጊጎን አዩ፣ ጥዋለት ላይ ይኸው እየኖሩ ነው። የቸሃ ሽማግሌዎችም እየጠበቁ ነው። ፍርዱ መቼ ነው?»

ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከውስጥ ዘነበች ልጆቹን ስትቆጣ ይሰማል። እሷን ጥቂት አዳመጡና ወደኔ ዞሩ።

«ዳኛ ከፈረደ በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አይደለም?»

«ይመለሳል፣ አባባ።»

ባሕሩን አዩ። እኔም አየሁት። መንዝ ያሳደገው ሙግት ሁሉ አፌ ላይ ነበር፤ አንዱንም አላወጣሁትም።

«እንግዲያው ቀጠሮ ይሰጥ» አልኩ።

«ረጅም ቀጠሮ» አለች ዘነበች ከውስጥ።